የሠራተኛውን ላብ ማን ያንብበው?

ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ፣ ከዚያም ወደ አቃቂ የሚወርድ እንግዳ የታክሲውን መስኮት የሚዘጋበት ቦታ አለ። ወንዙ የራሱ ሽታ አለው። የቆዳ ፋብሪካው፣ የብረት ማቅለጫው ጭስ ደግሞ የየራሳቸው። እዚያው የሚኖረው ሰው መስኮት ሲዘጋ አይቶ ይገረማል። «ምን ሸቶህ ነው?» ይላል። የምሩን ነው፤ ለምዶታል።

ይህ መልመድ አንዳንዴ ይገድላል። በቆዳ ፋብሪካ የቆዳው ጸጉር የሚለቀው በሰልፋይድ ጨው ነው። ያ ፍሳሽ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል፣ የገማ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይወጣል። መጠኑ ትንሽ ሲሆን አፍንጫ ወዲያው ይለየዋል። በአየሩ ውስጥ ከሚሊዮን እጅ ወደ 100 ሲጠጋ ግን የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ተብሎ ወደ ጉድጓዱ ሲወረድ ጋዙ እዚያው ነው ያለው። አንድ ሠራተኛ ወድቆ፣ ሊያወጣው የወረደውም አብሮት የሚወድቅበት አደጋ በየአገሩ የሚደጋገመው በዚህ ምክንያት ነው።

አፍንጫ ከዳ ማለት መሣሪያ ያስፈልጋል ማለት ነው። አየሩን የሚለካ፣ ኮሌታ ላይ የሚንጠለጠል መሣሪያ ከተሠራ ቆይቷል። አሁን እየመጣ ያለው ግን ከዚያ አልፎ ሰውየውን ራሱን የሚለካ ነው፦ ላቡን፣ ትንፋሹን፣ ከቆዳው የሚተነውን። የሰው አካል ቀን ከሌት ኬሚካል ያወጣል፤ የሚወጣው ደግሞ ውስጥ ያለውን ይናገራል።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ስኳሩ እጅግ ከፍ ብሎ ሰውነቱ ስብ ማቃጠል የጀመረ ሕመምተኛ ትንፋሹ ፍራፍሬ ፍራፍሬ እንደሚሸት ነርሶች ያውቃሉ። ሽታው የአሴቶን ነው፤ ያው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን። ጆይ ሚልን የተባሉ ስኮትላንዳዊት ጡረተኛ ነርስ የባለቤታቸው የሰውነት ጠረን መለወጡን ያስተዋሉት ሐኪም ፓርኪንሰን ነው ከማለቱ ከብዙ ዓመት በፊት ነበር፤ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእሳቸውን አፍንጫ ተከትለው የቆዳ ቅባት ላይ ምርምር ጀመሩ። እዚሁ አዲስ አበባም በአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ግቢ አፖፖ የተባለው ድርጅት ያሠለጠናቸው ትልልቅ አይጦች የአክታ ናሙና እያሸተቱ በማይክሮስኮፕ ያመለጠ የሳንባ ነቀርሳ ያገኛሉ። አይጥ ሲባል የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ የታመመው ሰው ግን ሕክምናውን ያገኛል።

መሣሪያው ግን በፍጥነት እየተለወጠ ነው። በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 በኔቸር መጽሔት ያሳዩት ሴንሰር ርዝመቱ 2 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ አንድ ተኩል ያህል ነው። ቆዳውን ሳይነካ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብላ ባለች ትንሽ ክፍተት ውስጥ ከቆዳ የሚወጣውን የውሃ ተን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና በቀላሉ የሚተኑ ኬሚካሎችን ይለካል። የሚወጣውን ብቻም አይደለም፤ ከአካባቢው አየር ወደ ቆዳ የሚገባውንም ይለካል። ተመራማሪዎቹ በዋናነት ያሰቡት የስኳር ሕመምተኞችን ቁስል አመርቅዞ ሳይብስ ለመከታተል ነው። «ወደ ቆዳ የሚገባውን» የምትለዋ ቃል ግን የአቃቂን ሰው ጆሮ ማቆም አለባት። ቀኑን ሙሉ እጁ በቀለም፣ በማሟሟቻና በማጣበቂያ ውስጥ የሚውል ሰው በዚያ ሰፈር ሞልቷል።

ላብ የሚያነቡ ፓቾች ደግሞ ገበያ ውስጥ ገብተዋል። የስፖርት መጠጥ አምራቹ ጌቶሬድ እ.ኤ.አ. በ2021 ለሯጮች አንድ አወጣ። ፓቹን አብሮ የሠራው ኤፒኮር ባዮሲስተምስ ወደ ሠራተኞች ዞሮ፣ ሙቀት ውስጥ የሚውሉ ሰዎች ምን ያህል ውሃና ጨው እንዳጡ የሚነግር መሣሪያ ከነዳጅ ኩባንያው ሼቭሮን ጋር ሞክሯል። ብረት ከሚቀልጥበት ምድጃ ፊት ስምንት ሰዓት የሚቆም የቃሊቲ ሠራተኛ ይህን መሣሪያ ከማንኛውም ሯጭ ባላነሰ ይፈልገዋል።

እዚህ ላይ ለአንባቢ ኪስ የሚጠቅም ነገር ሳይነገር አይታለፍ። ጣት ሳይወጋ፣ ቆዳ ሳይበሳ የደም ስኳር ይለካል እየተባለ የሚሸጥ ሰዓትና ቀለበት አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 እንዲህ ያለ አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት እንዳልፈቀደ ገልጾ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ትክክለኛው፣ ክንድ ላይ የሚለጠፈው የስኳር መለኪያ ቀጭን ሽቦ ከቆዳ ሥር አስገብቶ ነው የሚያነበው፤ ሴንሰሩም በየሁለት ሳምንቱ አካባቢ ይቀየራል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። በሰዓቱ ቁጥር ተማምኖ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሕይወቱን በመጫወቻ ዕቃ ላይ አስይዟል። ከዚህ በፊት እንኳ ተፈቅዶ የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ግሉኮዋች የሚባል ሰዓት ፈሳሹን በቆዳ በኩል በኤሌክትሪክ እየሳበ ቆዳ ስላቃጠለ ከገበያ ጠፍቷል። መረጃ በቆዳ በኩል ይወጣል ማለት ቀላል ነው ማለት አይደለም።

ዋናው ጉዳይ ግን ከትክክለኛነቱ ይልቅ ንባቡ የሚደርሰው ለማን ነው የሚለው ነው። ታሪኩ በዚህ ረገድ የሚያስጠነቅቅ ነገር አለው። ከሰው ገላ የሚወጣ ኬሚካል እያነበቡ በስፋት ሥራ ላይ ከዋሉት የሚለበሱ መሣሪያዎች ቀዳሚ የሚባለው ሕመምተኛ ላይ አልታሰረም። የታሰረው በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ የተፈረደበት ሰው ቁርጭምጭሚት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በአሜሪካ ሥራ ላይ የዋለው ስክራም የሚባለው እግር ብረት ከቆዳ የሚተነውን አልኮል በየ30 ደቂቃው እየለካ ለተቆጣጣሪ ይልካል። ሰክሮ ሲነዳ ለተያዘ ሰው ከእስር ይሻላል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ቴክኖሎጂው የተወለደው የአንዱን ገላ ሌላው እንዲያነብ ሆኖ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ወደ ፋብሪካ ሲገባ ይህን ልማዱን በር ላይ ጥሎ አይገባም።

አንዲት የጫማ ፋብሪካ ሠራተኛ እንውሰድ። ሥራዋ ሶል ማጣበቅ ነው። ማስቲሹ ውስጥ ቶሉን ወይም ሄክሴን የሚባል ማሟሟቻ ይኖራል። ሄክሴን የእጅና የእግር ነርቭን እንደሚጎዳ ዓለም ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጃፓን ሰንደል ጫማ የሚሠሩ ሰዎች እግራቸው እየደነዘዘ መራመድ ሲያቅታቸው ነው፤ በጣሊያን ጫማ ሠሪዎችም ላይ ታይቷል። ሰውነት ሄክሴንን ሰብሮ የሚያወጣው ተረፈ ነገር በሽንት ይገኛል፤ ነገ ደግሞ በክንድ ላይ በሚለጠፍ ሴንሰር መጠርጠሪያው ይገኝ ይሆናል። እንበልና ንባቡ ከፍ አለ። ውጤቱ ለእሷና ለሐኪሟ ከደረሰ፣ የአየር ማስወጫው ይሠራል ወይ ተብሎ ይጠየቃል፣ ለጥቂት ጊዜ ከማጣበቂያው ወደ ማሸጊያው ትዛወራለች። ውጤቱ መጀመሪያ ለሰው ኃይል አስተዳደር ከደረሰ ግን መንገዱ ሌላ ነው። «ይህችን ልጅ በጊዜ ብናሰናብት ይሻላል» የሚል ሰው በየቢሮው አይጠፋም። ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ካሳ በሩቁ ስለሚሸተው ነው።

ሕጉ ለዚህ ምን ያህል ዝግጁ ነው? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው እንደ ሥራው ጠባይ አዲስ ተቀጣሪዎችንና አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል። በራሱ ወጪ። «የጤና ምርመራ ይዘህ ና» ተብሎ ከኪሱ ከፍሎ ወረቀት ያመጣ ተቀጣሪ ግን ለማግኘት ብዙ አያስኬድም። ያ ወረቀትም ፋይል ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ በሁለተኛው ዓመት ወጥቶ ከአዲስ ውጤት ጋር አይነጻጸርም። ምርመራው ማጣሪያ ሆኗል፤ ጤነኛውን ለማስገባትና የታመመውን ደጅ ለመመለስ።

በሌላ በኩል ይኸው አዋጅ ሠራተኛው በጤና መታወክ ምክንያት ሥራውን ለዘለቄታው መሥራት ካልቻለ አሠሪው በማስጠንቀቂያ ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል። በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ ሲሆን ደግሞ የካሳ መብት ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ሳል በሁለት በር ሊያልፍ ይችላል፦ በአንደኛው ስንብት፣ በሌላኛው ካሳ አለ። በየትኛው እንደሚያልፍ የሚወስነው ማስረጃ ነው። ማስረጃውን የያዘው ወገን በሩን ይመርጣል።

ማስረጃ ሲባል የኢትዮጵያ ሠራተኛ ሳንባ ተለክቶ አያውቅም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በአንድ የኢትዮጵያ የጥጥ ፋብሪካ 595 ሠራተኞችን መርምሮ ነበር። የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው ቢሲኖሲስ የሚባለው የሳንባ በሽታ ጥጥ በሚነፋበት ክፍል ከሚሠሩት 43.2 በመቶ፣ ከባዛቂዎቹ 37.5 በመቶ ላይ ተገኘ። ቁጥሩ አስደንጋጭ ነው፤ አለካኩም ቁጥሩን ያህል ያስተምራል። ሠራተኞቹ የተለኩት ከዕረፍት ቀናቸው በኋላ ባለው የመጀመሪያ ፈረቃ ነበር፣ ሲገቡና ሲወጡ። ቢሲኖሲስ ባሕርዩ እንዲያ ነው፦ ያረፈ ሳንባ ወደ ብናኙ ሲመለስ በመጀመሪያው ቀን ይጨነቃል። ጠዋትና ማታ ተለክቶ ልዩነቱ ከታየ፣ በሽታው ከየት እንደመጣ ብዙ ክርክር አያስፈልግም።

ለሴንሰሩም ቁልፉ ይኸው ነው። በአንድ ቀን የተወሰደ አንድ ቁጥር በአቃቂ ብዙ ሊያሳስት ይችላል። በጾም ሰሞን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ያልቀመሰ ሰው፣ በረመዳን ከጎህ እስከ ማታ የጾመ ሰው ሰውነቱ ስብ ስለሚያቃጥል በትንፋሹ ያለው አሴቶን ይጨምራል። የጾምን የማያውቅ ሰው የሠራው ማሽን ይህን እንደ ሕመም ሊያነበው ይችላል፤ ወይም ፋብሪካው ውስጥ ከተነፈሰው አሴቶን ጋር ሊቀላቅለው ይችላል። በተዘጋች ክፍል በከሰል ቡና ያፈላች ሴት በትንፋሿ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲጋራ እንዳጨሰች ሊያስመስላት ይችላል። በምሽት ቤቷ ከሰል፣ ጠዋት ፋብሪካው ምድጃ፤ ገላዋ ሁለቱንም በአንድ ላይ ነው የሚናገረው።

ጠበቃ ያለው አሠሪ ደግሞ ይህን ያውቃል። «በሽታው ከኩሽናዋ ነው የመጣው» ማለት ይቻላል። አንዳንዴም እውነት ይሆናል። መሣሪያው በተገዛበት ቀን የተጀመረ መለኪያ ለዚህ ክርክር መልስ የለውም። መልስ የሚሆነው ስትቀጠር የተወሰደ መነሻ ልክ፣ ፈረቃ ሲጀመርና ሲያልቅ የተወሰደ ልዩነት፣ ከዕረፍት ቀን በፊትና በኋላ የታየ ለውጥ ነው። ከሰሉ ቅዳሜም እሑድም አለ፤ ፋብሪካው ግን የዕረፍት ቀን አለው። ሰውነቷ በዕረፍት ቀን ከተሻለውና በሥራ ቀን ከባሰበት፣ ኩሽናው ነጻ ወጣ።

አቃቂ ቃሊቲ በዚህ ጉዳይ የሚገርም ክፍለ ከተማ ነው። ችግሩም መፍትሔውም በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ተኮልኩለዋል። የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የቆዳ ፋብሪካዎቹ እዚያ ናቸው። ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል እዚያ ነው፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ካመጣችው ጥሩነሽ ዲባባ መሆኑ፣ የላብ ሴንሰር መጀመሪያ ለሯጭ መሸጡን ለሚያስታውስ ሰው ፈገግ ያሰኛል። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቂሊንጦ ነው። ለመድኃኒት አምራቾች ተብሎ የተሠራው የኢንዱስትሪ ፓርክም ቂሊንጦ ነው። ፋብሪካ፣ ሐኪም፣ ተመራማሪና አምራች ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ነው። ጎረቤታሞቹ በዚህ ጉዳይ ቡና አብረው ጠጥተው ከሆነ ግን ወሬው ለሰፈሩ አልደረሰም።

ዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ፕሮጀክት ለሚፈልጉ ተማሪዎቹ ከዚህ የተሻለ የቤት ሥራ ከሩቅ ማምጣት አያስፈልገውም፦ በ2,000 ሜትር ከፍታ፣ ጾም በሚጾም፣ ከሰል በሚያነድ ሕዝብ ላይ ጤነኛ የሚባለው ንባብ ስንት ነው? ይህ ካልተሠራ ነገ ከውጭ የሚመጣው መሣሪያ የሌላ ሰው ገላ ልክ ይዞ ነው የሚመጣው። ይህ ያልተገባ ፍርሃት አይደለም። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በጥቁር ሕመምተኞች ላይ ኦክስጅኑን ከፍ አድርጎ እያነበበ ማነሱን እንደሚደብቅ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ሲወጣ፣ መሣሪያው ለአሥርተ ዓመታት በየሆስፒታሉ አገልግሎት ላይ ነበር።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱ መልካም ነው። የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች መድቦታል። ችግሩ «ፈቃድ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። አለቃው «ይህን ፓች ትለጥፋለህ? ፈቃደኛ ከሆንክ እዚህ ፈርም» ሲለው እምቢ የሚል የወር ደመወዝተኛ ስንት ነው? አውሮፓውያኑ በራሳቸው ሕግ ላይ ይህን አንስተው፣ በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ያለው የኃይል ልዩነት ፈቃዱን ነጻ ፈቃድ እንዳይሆን ያደርገዋል ብለዋል። ትክክል ናቸው። ስለዚህ በፊርማ ላይ መመካት አይበቃም። ንባቡ በስም ወደ አሠሪው እንዳይሄድ የሚከለክል ግልጽ መመሪያ ያስፈልጋል፤ አሠሪው ማየት ያለበት የክፍሉን ድምር ነው። ቀለም ክፍል ካሉት ስንቱ ከፍ አለባቸው የሚለው የአየር ማስወጫውን ለማስተካከል ይበቃዋል። ማን የሚለው ግን የሐኪሙና የሠራተኛው ጉዳይ ነው።

«ይህ ሁሉ ለሌለ መሣሪያ ነው፤ ፋብሪካው ጓንትና ጭምብል መች አሟላ?» የሚል ሰው ይኖራል። ልክ ነው፤ በከፊል። ጓንት ሳይገዛ ሴንሰር የሚገዛ ፋብሪካ ካለ ሊያሳስብ ይገባል። ፓች የለጠፈ ሠራተኛ ለጎብኚ ሲታይ ያምራል፣ ለኦዲት ይመቻል፤ አየሩ ግን ያው ነው። መሣሪያው መመረዝን ይናገር ይሆናል እንጂ መርዙን አያስቀርም። ዳሩ ግን ደንቡን መሣሪያው ከመጣ በኋላ ልጻፍ ማለት ደግሞ አሠሪው የጻፈውን ውል አንብቦ መፈረም ማለት ነው።

እስከዚያው የሠራተኛ ማኅበራቱ የሚጠብቁት ነገር የለም። በሚቀጥለው የኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ፣ ከደመወዝ ጭማሪውና ከሰርቪሱ ጎን፣ አንድ አንቀጽ ማስገባት ይችላሉ፦ የቅጥር ምርመራው ውጤት አንድ ቅጂ ለሠራተኛው ይሰጥ፣ በየዓመቱ ይደገም፣ ወጪው አዋጁ እንዳለው የአሠሪው ይሁን። ኢሠማኮ ለዚህ ናሙና ቢያዘጋጅ አነስተኛ ማኅበራት ከባዶ አይጀምሩም። የጥጥ ክፍል ላላቸው ፋብሪካዎች ደግሞ ባትሪ እንኳ የማይፈልግ መሣሪያ አለ፤ በሙሉ ኃይል የሚነፋበት፣ የሳንባን ጉልበት በቁጥር የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ። የፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ ይዛው በር ላይ ብትቆም፣ ከዕረፍት ቀን በኋላ ሠራተኛው ሲገባ አንድ ጊዜ፣ ሲወጣ አንድ ጊዜ ቢነፋ፣ ሁለቱ ቁጥሮች በራሱ ደብተር ላይ ቢጻፉለት፣ ለአንድ ሰው የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። በሚቀጥለው ሰኞ ሊጀመር ይችላል።